የእሳቸው ሞክሼ

ሽራቦን ወር 21 ቀን፣ ማክሰኞ

ለሚመለከተው ሁሉ፦ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ጋዜጣው ፊደሉን አሳንሷል። ማስጠንቀቂያ አልሰጠም፣ አንባቢ አላማከረም፣ ይቅርታም አልጠየቀም። ይህን ከባድ በደል ያጋለጡት ባለቤቴ ናቸው። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣውን መጀመሪያ በክንዳቸው ርቀት፣ ቀጥሎ አፍንጫቸው ሥር፣ በመጨረሻም ወደ ሰማይ ዘርግተው ከመረመሩ በኋላ «ወረቀት ለመቆጠብ ነው። ሌቦች!» ብለው ፈረዱ።

እኔም ተስማማሁ። ጋዜጣው ፊደሉን አሳንሷል። በዚህ ደብተር እንደ እውነት ተመዝግቧል።

ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸው አማቴ ያንኑ ጋዜጣ ተቀብለው የሞቱትን ሰዎች ዝርዝር ያለ መነጽር ከላይ እስከ ታች አነበቡና «ዛሬ የምናውቀው ሰው አልሞተም» ብለው ቅር እያላቸው መለሱት። ጋዜጣው ለአሮጊት ሳያዝን አልቀረም፤ አማቴ እጅ ሲደርስ ፊደሉን አሳድጎ መሆን አለበት።

ሽራቦን 22

ይህ ደብተር በሌላ ሰው እጅ ቢገባ «እሳቸው» ማን እንደሆኑ ይታወቅ። እሳቸው «ንጉሠ ምትሃት» ናቸው። ማን እንደቀባቸው አይታወቅም፤ ሹመቱ መጀመሪያ የታየው በራሳቸው ፖስተር ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተቃወመ የለም። ከምሥራቅ፣ ከወንዝ ዳር መንደር፣ በገበያ ቀን ከሰው ጆሮ እንቁላል እያወጡ ተነስተው፣ ራንጉን፣ ናይሮቢና ቶኪዮ ድረስ ሄደው ሰው በመጋዝ ቆርጠው መልሰው ገጥመዋል። የሚለብሱትን ካባ ሁሉ የሰፋሁት እኔ ሹሮማ ነኝ፤ ሚስታቸው።

ስማቸውን አልጽፍም። ሚስት የባሏን ስም አትጠራም፤ ከጠራች ዕድሜው ያጥራል። በሃያ ሦስት ዓመት ትዳር አንድም ቀን ከአፌ አልወጣም። ከሩቅ ስፈልጋቸው «ሰሙ ወይ!» እላለሁ። በሰፈራችን አንዲት ሴት «ሰሙ ወይ!» ካለች አምስት ባሎች በመስኮት ብቅ ይላሉ።

የኔ መከራ ግን ከሌሎቹ ይብሳል፤ የእሳቸው ስም የዕቃ ስም ነው። ሲመሽ በግቢያችን ካለው ቅዱስ በሶብላ ሥር የምናበራት ትንሿ የሸክላ የዘይት መብራት ከእሳቸው ጋር አንድ ስም አላት። ስለዚህ እሷንም በስሟ አልጠራትም። «ሞክሼያቸው» እላታለሁ። አማቴም ለምደውታል። «ሞክሼው ዘይት አለው? ሞክሼው በዝናብ እንዳይጠፋ!» ይላሉ።

ሽራቦን 27

ዝናብ። ገበያው ኢሊሽ በኢሊሽ ሆኗል። ሁለት ዓሣ ገዝቼ በሰናፍጭ ሠራሁ። እሳቸው ሳህኑን ገፋ አድርገው «ኢሊሽ ሰልችቶኛል» አሉ።

የቤንጋል ሰው በዝናብ ወራት ኢሊሽ ሰለቸኝ ይላል? ወንዝ ራሱ ውኃ ሰለቸኝ ቢል ይሻላል።

ታናሽ ወንድማቸው ሹቦል፣ የቡድናችን ሥራ አስኪያጅና የቤታችን ቀልደኛ፣ ጉርሻውን እጁ ላይ አቁሞ ቀረ። «ዳዳ፣ አሞሃል? ወይስ ቦውዲ የሆነ ነገር ጨምራበታለች?» ዳዳ የሚለው ታላቅ ወንድሙን ነው፤ ቦውዲ የሚለው እኔን፣ የወንድሙን ሚስት።

«ሰለቸኝ አልኩህ'ኮ!»

አማቴ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ዓሣ አይነኩም፤ ጠረኑን ግን ከበረንዳ ሆነው ይቆጣጠራሉ። ለማንም ሳይሆን ለዝናቡ «ኢሊሽ አጥንቱ እንደ ፀጉር ነው። አጥንቱን የማያይ ሰው አይበላውም» አሉ።

ወጥ ቤት ገብቼ አጥንቱን አንድ በአንድ ለቅሜ፣ ሥጋውን ከሩዝ ጋር ፈትፍቼ አቀረብኩ። ሳህኑን ላሱት። «ይሄ ምን ዓሣ ነው? ጥሩ ነው» አሉ።

የኔ ድምዳሜ፦ ሰልችቷቸው ነበር፤ አሁን ተዋቸው።

ሽራቦን 30

እሳቸው ሲገቡ ለኮት መስቀያው «እንዴት ዋልክ ሹቦል?» አሉት። ሹቦል ከኋላ «እሱ ይሻልሃል ዳዳ፤ ቢያንስ ኮት ይሸከማል» አለ። ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ። ከሁላችንም በኋላ ነው ያቆሙት።

ባድሮ 6

ልምምድ። የሙያ ምስጢር በደብተር አይጻፍም። ቢሆንም «ሦስተኛው ዓይን» የሚባለው ትርኢታቸው እንዲህ ነው፦ በሁለቱም ዓይናቸው ላይ የስንዴ ሊጥ ይለጠፋል፣ በሊጡ ላይ ጥጥ፣ በጥጡ ላይ ፋሻ ይጠመጠማል። ከተመልካች አንዱ ወጥቶ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የፈለገውን ቃል ይጽፋል። እሳቸው ያነባሉ። በሃያ ዓመት አንድ ቃል ስተው አያውቁም። እንዴት? ፈጣሪ አፍንጫን በሁለት ዓይን መሃል ከፍ አድርጎ የሠራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከጎንና ከጎኑ ቀዳዳ ይቀራል። ከዚህ በላይ ቢገድሉኝ አልናገርም።

ዛሬ ሹቦል በሰሌዳው ላይ «ጃንጥላ» ብሎ ጻፈ። እሳቸው «ጉጉት» አሉ። «ዝሆን» ጻፈ። «ደመና» አሉ።

«ሊጡ በዝቷል ቦውዲ፣ ቀንሺለት።»

ቀነስኩ። «ደመና» አሉ። ፋሻውን ፈታሁ፣ ጥጡን አነሳሁ፣ ሊጡን ጠረግኩ። ምንም ሳይሸፈኑ በገዛ ዓይናቸው ሰሌዳውን ተመለከቱ።

«ደመና ነው» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ሹቦል እጅ ላይ የነበረው ጠመኔ ወድቆ ተሰበረ።

«ጠመኔው መጥፎ ነው» አልኩ። ጠመኔው መጥፎ ነው። ይመዝገብ።

ባድሮ 9

ባለፈው ሐሙስ በአንድ ጃንጥላ ተሸፍነን ዶክተር ሻማዳር ዘንድ ሄደን ነበር። ዝናብ አልነበረም። ንጉሠ ምትሃት በዓይን ሐኪም ደጅ ተራ ሲጠብቅ ቢታይ ከተማው ምን ይላል?

ዛሬ የሐኪሙ ደብዳቤ መጣ። እሳቸው «አንብቢልኝ። የሐኪም እጅ ጽሑፍ ማን ይፈታዋል» አሉ። አነበብኩላቸው፦ «የተከበሩ ሆይ፣ በዓይንዎ ውስጥ ያለው ግፊት ጥቂት ጨምሯል። ጠብታውን ይጠቀሙ። ቀዶ ሕክምናው ከፑጃው በዓል በኋላ ሊደረግ ይችላል። የሚያስቸኩል ነገር የለም።» ደብዳቤው እንዲህ ይላል።

«እንዲያ ነው የሚለው?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ስንት መሐላ እያለ ይህን መምረጤ! ምላሴ የት እንደሚረግጥ አያውቅም።

ፊታቸው በራ። «ሹቦል! ለፑጃው ስድስተኛ ቀን ትልቁን አዳራሽ ያዝ!» ብለው ጮኹ። ሹቦል «ዳዳ፣ በባድሮ ወር አዲስ ነገር አይጀመርም፤ ገድ የለውም» አለ። «ንጉሥ ወር አይመርጥም!» አሉት። ከሁለት ዓመት ወዲህ እንዲህ ሲደሰቱ አላየሁም። እንዲህ የተደሰተን ሰው ማን ያቋርጣል?

ደብዳቤውን በሩዝ ማሰሮ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሩዝ ውስጥ ወረቀት እርጥበት አይነካውም። ምክንያቱ ይኸው ነው።

ባድሮ 10

ደብዳቤው ከሩዝ ማሰሮው ወደ ጥምጣም ሣጥን ተዛውሯል። የሩዝ ማሰሮ በየቀኑ ይከፈታል።

ባድሮ 11

የጥምጣም ሣጥንም ይከፈታል። ወደ አሮጌ ሳሪዎቼ መሃል።

ባድሮ 14

ሐሳቡ የኔ ነው፤ ማንንም አልወቅስም። እሳቸው አያዩም እንጂ ይሰማሉ። (እርማት፦ ያያሉ፤ በተጨማሪም ይሰማሉ።) ስለዚህ እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ወጥቼ ሰሌዳው አጠገብ እቆማለሁ፤ አወራለሁ። የእያንዳንዱ ንግግሬ የመጀመሪያ ፊደል በሰሌዳው ላይ ካለው ቃል አንዱ ፊደል ነው። ሰው «ማንጎ» ብሎ ቢጽፍ እኔ «ማየት ይችላሉ? ንገሩን! ጎበዝ!» እላለሁ። «ዝሆን» ቢጽፍ «ዝግጁ ነዎት? ሆዴ ፈራ! ንገሩን!» እላለሁ። ሕዝቡ የባሏ ነገር ያስጨነቃት ሚስት ያያል፤ እሳቸው ዝሆን ያያሉ።

«አንቺ ሴትዮ፣ እስከ ዛሬ ካባ ስትሰፊ የኖርሽው ይህን ጭንቅላት ይዘሽ ነው?» አሉኝ። መርፌ ፈለግኩ፤ የሚሰፋ ነገር አልነበረም።

ባድሮ 17

አንድ ቀን ሙሉ የቤት ሰላም ጠፋ። እኔ ከወጥ ቤት ሆኜ፣ ምንም ሳላስብ፣ «በሩን ይዝጉት እንጂ! ቅጠሉ በነፋስ ገባ'ኮ! ሎሚም አልቋል!» አልኩ።

እሳቸው ከሳሎን «በቅሎ!» ብለው በታላቅ ድምፅ መለሱ።

አማቴ ከበረንዳ ተነሱ። «ምን አልካት?»

«በቅሎ። ልክ አይደለም እንዴ?»

«ሎሚ አለቀ ብትልህ በቅሎ ትላታለህ? አባትህ በአርባ ዓመት እኔን አህያ እንኳ ብለውኝ አያውቁም!»

«እማ፣ እሷ ናት'ኮ በቅሎ ያለችው!»

«እሷ? ራሷን?»

አማቴ እራት አልበሉም። እኔ ሳቄን በሳሪዬ ጫፍ አፍኜ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ከስንት ቀን በኋላ መሳቄ ነው። ከዚያ ደብዳቤው ትዝ አለኝ።

ባድሮ 21

አንድ ነገር እየበላኝ ነው። ሰው የእሳቸውን ስም ቢጽፍስ?

አማቴ ምስር ሲለቅሙ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «እማ፣ አንዲት ሴት የባሏን ስም ባትጠራው፣ ግን ፊደል ፊደሉን ከፋፍላ በአራት ንግግር ውስጥ ብትበትነውስ?»

«የማን ሚስት ናት?»

«የ… የጎረቤት።»

አማቴ ቀና ብለው አዩኝ። እንዴት እንደሚያዩ! «ለጎረቤትሽ ንገሪያት» አሉ። «ዓሣ አራት ቦታ ቆርጠው በአራት ጉርሻ ቢበሉት አልተበላም ይባላል?»

ማታ ለእሳቸው «ለአንድ ቃል ምልክት የለንም» አልኳቸው።

«ለየቱ?»

«ለእሱ።»

ቶሎ ገባቸው። «ፊት ለፊቱ የቆመን ሰው ስም ማን ይጽፋል? ተይው» አሉ። ተውኩት።

ባድሮ 29

ከወንዙ ማዶ፣ በትንሽ አዳራሽ፣ ለሙከራ ታየን። ሰባት ቃል ተጻፈ፣ ሰባቱም ተነበበ። «ዝናብ» የጻፈ ሰው ነበር፤ «ዝም ብላችሁ ተመልከቱ! ናፈቀን መልስዎ! ብርታት ይስጥዎ!» አልኩ። አዳራሹ አብሮኝ ተጨነቀ። አንዲት ሴትዮ «እኔን! ለባሏ ስትርበተበት!» ስትል ሰማሁ።

ሃያ ሦስት ዓመት ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ ጭብጨባን የማውቀው ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው፤ ይሰማል እንጂ አይነካም። ዛሬ ረጠብኩ።

ደስ አላለኝም። ጥቂት ብቻ። ከጥቂት ትንሽ ከፍ ያለ።

ደብዳቤውን የት ነበር ያስቀመጥኩት? አዎ፣ በበሶብላው ማሰሮ ሥር፣ በሰም ጨርቅ ጠቅልዬ። ወሩ ሊያልቅ ነው። ምን አገባኝ ቢያልቅ?

አሺን 4

ሹቦል ጋዜጣ ይዞ እየሮጠ መጣ። ሳንያል የሚባለው አምደኛ፣ የአምላክ ምስልም ቢሆን ከኋላው ዞሮ ገመድ የሚፈልገው ሰውዬ፣ ስለ እኛ ጽፏል፦

«ንጉሡ ዱሮ ጸጥ ባለ አዳራሽ ያነብ ነበር። አሁን ሚስቱ ካልለፈለፈች አያነብም። ሦስተኛው ዓይን የት እንዳለ አግኝቼዋለሁ፤ በወይዘሮዋ አፍ ውስጥ፣ ከጥርሳቸው ጀርባ ነው። በስድስተኛው ቀን እኔው ራሴ ወጥቼ አንዲት ቃል እጽፋለሁ። ቃሏን ከወዲሁ መርጫለሁ።»

«ጥርሶቼ ምን አደረጉት?» አልኩ።

«ቦውዲ፣ ይቀልዳል ብለሽ ነው? ይሄ ሰው ረጅም የፈረንጅ ቃል ነው የሚጽፈው። ቼኮዝሎቫኪያ ብሎ ቢጽፍስ?»

እስከ ማታ በ«ቼ» የሚጀምር ንግግር ፈለግን። የለም። ሹቦል «ቼ! በይ፣ ፈረስ እንደሚነዳ ሰው» አለ። እሳቸው አልሳቁም።

«አንዲት ስህተት» አሉ። «አንዲት ብቻ። ከዚያ 'ዕውር ነው' ይላሉ፤ በዕውር ሰው ማን በመጋዝ ይቆረጣል?»

ቃሉን በቤታችን የተናገሩት እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው።

አሺን 11፣ ማሃላያ፣ የፑጃው መግቢያ

ከመንገዱ ማዶ ያለው ሸክላ ሠሪ ኖኒ ፓል ፑጃው ለሚደረግላት አምላክ ለዱርጋ የጭቃ ምስል ዓይን የሚስለው ዛሬ ነው። ክንዶቿ፣ አንበሳዋ፣ ጌጧ ሁሉ አልቆ፣ ዓይኗ መጨረሻ ላይ ይሰጣታል። እሳቸው «ልየው» አሉ። በክንዳቸው ይዤ አሻገርኳቸው፤ በሰው ፊት! ለጭቃው ነው።

ኖኒ ፓል ትንፋሹን ውጦ ሦስቱን ዓይን ሳለ። ሁሉም እልል አለ። «እንዴት ናት ፕሮፌሰር?» ብሎ እሳቸውን ጠየቀ፤ ለእሱ ምትሃተኛ ሁሉ ፕሮፌሰር ነው።

እሳቸው ከዱርጋ በስተቀኝ የቆመውን የቀርከሃ ምሰሶ እየተመለከቱ «ታየኛለች» አሉ።

ትታየኛለች ለማለት ነው። አፋቸውን አዳልጧቸው ነው።

ለጭቃ ዓይን ይሰጣል። ብሩሽ ነክሮ፣ ትንፋሽ ውጦ፣ በቀኑ። በቀኑ! ኖኒ ፓል ደብዳቤ ደብቆ «የሚያስቸኩል ነገር የለም» ቢላት ኖሮ ይህን ጊዜ ዱርጋ ምን ታደርገው ነበር? ዐሥር ክንድ አላት።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን የሳንያል ቃል ነው። እሱ ብቻ።

አሺን 15

መስፋት አልቻልኩም። አማቴ «እኔም እመጣለሁ፤ ፊት ለፊት አስቀምጡኝ» አሉ። በሃያ ዓመት አንድ ትርኢት አይተው አያውቁም። «ልጄን ወልጄዋለሁ፤ ሌላ ምን ምትሃት አያለሁ» የሚሉ ሴት ናቸው።

አሺን 17፣ የፑጃው ስድስተኛ ቀን

ከመውጣታችን በፊት ሞክሼያቸውን አበራሁ። ዘይቱ ፈሰሰብኝ።

ሊጡ ተለጠፈ፣ ጥጡ፣ ፋሻው። አዳራሹ ጢም ብሏል። «ሎተስ» ተጻፈ፣ ተነበበ። «ትራም» ተጻፈ፣ ተነበበ። ከዚያ ሳንያል ከመቀመጫው ተነሳ። አጭር ሰውዬ ነው፤ በጽሑፉ ረጅም ይመስል ነበር። ጠመኔውን ተቀብሎ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ ጻፈ፤ ሲጨርስ ገለል አለ።

ቼኮዝሎቫኪያ አይደለም። ረጅም የፈረንጅ ቃልም አይደለም። አራት ፊደል ነው። የእሳቸው ስም ነው።

አዳራሹ በመጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ከላይ፣ ከሴቶቹ መቀመጫ፣ «ውይ! ይሄ ነውረኛ!» የሚል ድምፅ ወረደ። ሴት ሁሉ ገባት። ሳንያል ወደ እኔ ዞሮ እጅ ነሳ።

«ይበሉ እንጂ እትዬ» አለ። «ሲናገሩ ነበር'ኮ። ምነው? ምላስዎን ድመት ወሰደው?»

እሳቸው በፋሻው ውስጥ ሆነው ጠበቁ። ጆሯቸው ወደ እኔ ዘንበል ብሏል። እኔ አፌን ከፈትኩ። አራት ንግግር ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ። አራት ጉርሻ።

ፊት ለፊት የተቀመጡትን አማቴን አየሁ። አሮጊቷ የነጭ ሳሪያቸውን ጫፍ ከራሳቸው ገለጥ አድርገው፣ ትክ ብለው እያዩኝ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። በይው። ብዪው ዓሣውን!

ለካ ያውቃሉ። ከኢሊሹ ቀን ጀምሮ ያውቃሉ።

ፈቃዱ ተሰጠኝ። ምላሴ ግን እምቢ አለ። ሃያ ሦስት ዓመት የታሰረ ምላስ በአንድ ራስ ንቅነቃ አይፈታም። ዕድሜያቸው ያጥራል የሚለው ነገር እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። ዓይናቸውን ወስጄ ዕድሜያቸውንም ልጨምርበት? ዝም አልኩ። ከአዳራሹ ሰው ሲያስል ይሰማል። ጨረስኳቸው፣ አልኩ በልቤ፤ በደብዳቤው ጀመርኩ፣ በዝምታ ጨረስኩ።

ይህን ጊዜ ከፋሻው በታች አፋቸው ፈገግ አለ። ሳቃቸውን አውቃለሁ። ለኮት መስቀያው የሳቁት ዓይነት አልነበረም።

«ይህን ለማንበብ» አሉ፣ «ሦስተኛ ዓይንም አያስፈልግም። እዚያ ላይ የተጻፍኩት እኔ ነኝ!»

ካባቸውን ገልጠው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ስማቸውን ከነአባታቸው ስም ጠሩ።

ጣሪያው የወረደ መሰለኝ። ወንበር ላይ የቆመ ሰው አየሁ። ሳንያል በጩኸቱ መሃል «ምንም አላለችም'ኮ! እኔ አጠገቧ ነበርኩ! ቃል አልተነፈሰችም!» እያለ ላገኘው ሁሉ ይምላል።

የዓለም ቃል ሁሉ በኔ አፍ ያልፋል፤ አንድ ቃል ብቻ አያልፍም። ዝም ካልኩ እሱ ነው። እኛ ምልክት የለውም ያልነው ቃል ከሁሉ የበለጠ ምልክት ነበረው።

አሺን 18

ሳንያል ጽፏል፦ «በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ፣ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሚስትየዋ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ባርኔጣዬን አነሳለሁ።» ሹቦል ጽሑፉን ቆርጦ ለፖስተር ወስዶታል። ከከሳሽ አፍ የወጣ ምሥክርነት ዋጋው አይተመንም።

ጽሑፉን አንብቤላቸው ስጨርስ እሳቸው «አሁን ደግሞ ደብዳቤውን አንብቢልኝ» አሉ።

«የቱን ደብዳቤ?»

«የሻማዳርን። ያንን የምታንከራትቺውን። ከሩዙ ወደ ሣጥኑ፣ ከሣጥኑ ወደ ሳሪው። ያንሿሿል'ኮ፤ ጆሮዬ ደህና ነው።»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። «ካወቁ ለምን ዝም አሉ?»

«ሐኪም እንዲያ ያለ ጥሩ ቤንጋሊ አይጽፍም። 'የተከበሩ ሆይ' ስትዪ ነው ያወቅኩሽ። ዝም ያልኩት ግን… መስማት የፈለግኩትን ነበር ያነበብሽልኝ። ማንን ልክሰስ?»

ወጥቼ የበሶብላውን ማሰሮ አነሳሁ። የሰም ጨርቁ ውኃ አልከለከለም፤ ቀለሙ ፈሷል። አንብቢ የተባልኩትን ማንበብ አልቻልኩም። በቃሌ አልኩላቸው። እንደ ጸሎት አጥንቼዋለሁ። ስጨርስ «አዎ» አሉ፣ «ይሄ የሐኪም አጻጻፍ ነው።»

አሺን 23

ፑጃው አልቆ የጭቃዋ ዱርጋ ወንዝ በገባች በማግስቱ ሆስፒታል ሄድን። በመመዝገቢያው መስኮት ያለው ጸሐፊ ቀና ሳይል «የታካሚው ስም?» አለኝ።

«እሳቸው ናቸው።»

«እሳቸው ምን?»

«ማታ በበሶብላ ሥር የምትበራውን ያውቃሉ? የሷ ሞክሼ።»

«እናቴ፣ ከኋላሽ አርባ ሰው ተሰልፏል። ተረት የምንጠያየቅበት ነው?»

እሳቸው አጠገቤ ቆመው በዱላቸው መሬቱን መታ መታ ያደርጋሉ። ስማቸውን ራሳቸው ሊናገሩ ይችሉ ነበር። ለኔ ተዉት። ጸሐፊው ተንፍሶ ቅጹንና ብዕሩን ገፋልኝ። «ካፈርሽ ጻፊው።»

አፌ አላለውም። እጄ ጻፈው። አራት ፊደል። ሰማይ አልወደቀም።

«ጻፍሽው?» አሉ እሳቸው።

«ጻፍኩት።»

«እንዴት ሆነ?»

«ዲው ትንሽ ጠመመ።»

ወደ ውስጥ ሲወስዷቸው «መጣሁ» አሉኝ። እኛ ዘንድ «ሄድኩ» አይባልም።

ካርቲክ 6

ማረሚያ

በዚህ ደብተር በሽራቦን 21 ቀን «ጋዜጣው ፊደሉን አሳንሷል» ተብሎ የወጣው ስህተት መሆኑ ተረጋግጧል። ጋዜጣው ፊደሉን አላሳነሰም፤ ዝግጅት ክፍሉ ይቅርታ ይጠየቃል። በባድሮ 6 የተወነጀለው ጠመኔም ነጻ ነው። በባድሮ 9 «የሚያስቸኩል ነገር የለም» ተብሎ የተጻፈው «ቀዶ ሕክምናው ይህ ወር ሳያልቅ ይደረግ፤ የሚያልፈው እያንዳንዱ ሳምንት ተመልሶ አይገኝም» ተብሎ ይነበብ። ስህተቱ የአንባቢዋ እንጂ የሐኪሙ አይደለም። በዚህም ምክንያት የግራው ዓይን አልተመለሰም። የቀኙ ዛሬ ጠዋት ፋሻው ተነስቶለት፣ ኢሊሽ ቀርቦለት፣ ሁለት አጥንት ራሱ አውጥቷል፤ ሦስተኛውን እኔ አወጣሁ።

እንዲሁም ከመጀመሪያው ገጽ እስከዚህ ድረስ «እሳቸው» ተብሎ የተጻፈው ሁሉ፣ ጸሐፊዋ በሆስፒታል ቅጽ ላይ አንዴ ጽፋ ጉዳት አለመድረሱን ስላረጋገጠች፣ «ፕሮዲፕ» ተብሎ ይታረም።